«አዳልጦት ወደቀ»

እኔ ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ የመጣው ከፍርሃቴ ስለሆነ ነው። እናቴ «ይቺ ልጅ የራሷን ጥላ ስትሸሽ ገደል ትገባለች» ትል ነበር። ገደል አልገባሁም። የገባሁት መዋዕለ ሕፃናት ነው።

ከማሠልጠኛ የወጣሁ ሰሞን ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ባለች አንዲት መዋዕለ ሕፃናት በአስተማሪነት ተቀጠርኩ። ግቢያችን ዳገት ላይ ነበር። ከበሩ ሲቆሙ ከተማው ቁልቁል ይታያል፤ ከጀርባ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አሉ። የመጣ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ሸጋ ቦታ ነው!» ይላል። እኔ የሚታየኝ ደረጃው ነበር፤ ከዚያ የውኃ በርሜሉ፤ ከዚያ የአጥሩ ሽቦ። ስልሳ ያህል ሕፃናት አሉን፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምቆጥረው የሚወድቁበትን፣ የሚገቡበትንና የሚውጡትን ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ተማርኩ። ጩኸት ደግ ነው። የሚያለቅስ ልጅ እየተነፈሰ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታ ነው። ከልጆቹ መካከል አራት ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ድምፅዋ ከቁመቷ ይበልጣል። ጠዋት መዝሙር የምታስጀምረው እሷ፣ በዕረፍት ሰዓት ሌሎቹን የምታዝዘው እሷ፣ ሽንት ቤት ተቀምጣ የምትዘፍነውም እሷ ናት። ሌሎቹ አስተማሪዎች «ይቺ ልጅ ጆሯችንን ጨረሰችው» ይሉ ነበር። እኔ ግን የእሷን ድምፅ እየሰማሁ ልቤ ይረጋጋል። እሷ ከጮኸች ግቢው ሰላም ነው።

ከእኔ ጋር ልጆቹን የምትጠብቀው ሞግዚት በዕድሜ ትበልጠኛለች። ከቆዩት የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦች የተወለደች ናት፤ ወንድሞቿ እስከ ዛሬ ጨርቅ ይነግዳሉ። እሷ ግን «ጨርቅ አያስቀኝም» ብላ ከሕፃናት ጋር መዋልን መረጠች። እትዬ እላት ነበር። እኔ ስደነግጥ እሷ ትስቃለች፤ «አንቺን የሚጠብቅ ሞግዚት ደግሞ እንቅጠር» እያለች።

ዳይሬክተራችን አንድ ቀን ከሥልጠና ሲመለሱ ጥቁር ደረቅ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ይዘው መጡ። የአደጋ መዝገብ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ የሕፃኑ ስም፣ የደረሰው ጉዳት፣ መንስኤ፣ የተወሰደ እርምጃ፣ ፊርማ። ማንኛውም ልጅ በጣቱ ላይ ጭረት እንኳ ቢደርስበት ይጻፋል። ወሩ ሲያልቅ እሳቸው ያነቡታል፤ ተመሳሳይ መንስኤ ከተደጋገመ መንስኤው ይወገዳል። «እጅ ጽሑፍሽ ሸጋ ነው፤ አንቺ ያዥው» አሉኝ።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ መዝገቡን ወደድኩት። ፍርሃቴ መስመር ተሰምሮለት፣ ቀንና ሰዓት ወጥቶለት ሳየው ትንሽ ይበርድልኛል። «አፍንጫው ውስጥ ሽምብራ አስገባ።» «የጓደኛውን ጆሮ ነከሰ።» «በር ጣቷን ቆነጠጣት።» እትዬ ስታስጽፈኝ መንስኤ የሚለው ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ «አላህ ያውቃል በይ» ትለኛለች፤ እኔም «አላህ ፊርማ ስለማያኖርልኝ ሌላ ንገሪኝ» እላታለሁ።

እንዲህ ሆኖ ኅዳር ገባ። ኅዳር ስድስት የቁስቋም ንግሥ ነው። ከገጠር የሚመጣው ሕዝብ ዳገቱን ይሞላዋል፤ ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ሻጩ በሽ ነው። በዚያ ዓመት አዲስ ነገር መጣ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ከናይለን የተጎነጎነ ማተብ፣ የእንጨት መስቀል የተንጠለጠለበት። ድሮ ማተብ ማለት ከጥጥ የተፈተለ ክር ነበር። ያድፋል፣ ይሳሳል፣ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ሌላ ይታሰራል። ይኸኛው አይበጠስም። ሻጮቹም የሚጮሁት «ዕድሜ ልክ! ዕድሜ ልክ!» እያሉ ነበር። እኔም ገዛሁ። ከበዓሉ በኋላ ልጆቹ ሲመጡ የግማሹ አንገት ያብረቀርቅ ነበር።

ሸርተቴያችን አዘዞ ያለ ብየዳ ቤት የሠራው የብረት ሸርተቴ ነው። አናቱ ላይ የእጅ መያዣው የታሰረበት ብሎን አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ ቀርቷል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ዓይን ይወጋ ይሆን ብዬ ፈርቼው አውቃለሁ። አንገትን ግን አላሰብኩም።

ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ፣ በዕረፍት፣ የአንዲት ልጅ ጫማ እያሰርኩ ነበር። ቀና ስል አንድ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ ሸርተቴው ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ አይወርድም። እግሮቹ ብረቱን ይደበድባሉ። አዲሱ ማተቡ ብሎኑ ላይ ተጠልፎ አንገቱን ይዞታል። አያለቅስም። ማልቀስ አልቻለም።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ብብቱ ሥር ይዤ ወደ ላይ አነሣሁት፤ ክሩን በጥርሴ ነከስኩት፤ ንክች አላለም። እትዬ በደረጃው በኩል ወጥታ ከብሎኑ አላቀቀችው። ልጁ አንዴ ሳለ፣ ከዚያ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚያስነሣ ጩኸት ለቀቀው። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዳቦ ጠየቀን።

መዝገቡን ከፍቼ ቀኑን ጻፍኩ፤ ሰዓቱን ጻፍኩ። መንስኤ የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

ልጁ የየኔታ የልጅ ልጅ ነው። የኔታ ቁስቋም ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ብድግ ብሎ የሚቀበላቸው ሽማግሌ ናቸው። ማተቡን ለንግሡ ገዝተው ያሰሩለት ራሳቸው ናቸው። እኔ አሁን «ማተብ ሊያንቀው ነበር» ብዬ ብጽፍ ምን ይሆናል? ነገ «አስተማሪዋ ማተብ አይታሰር አለች» ይባላል። ከነገ ወዲያ «ሃይማኖቷን ለውጣለች» እባላለሁ። በሳምንቱ እናቴ ትሰማለች። እትዬም በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ያን ቀን አልሳቀችም።

«ጻፊው እንጂ» አለችኝ። «ግን የእኔ እጅ ነክቶታል አትበይ። እኔ ከሕፃን አንገት ማተብ ሳወልቅ ታየሁ ማለት ምን እንደሚሆን አንቺ ባታውቂ እኔ አውቀዋለሁ።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ከሸርተቴ ሲወርድ አዳልጦት ወደቀ። አንገቱ ላይ መለስተኛ ጭረት። በውኃ ታጥቧል።» ፈረምኩበት። እጅ ጽሑፌ ሸጋ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኔታ ልጁን ሊወስዱ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ አንገቱ ምን ሆኗል?»

«አዳልጦት ነው የኔታ፤ ትንሽ ቧጨረው።»

ልጁ ሊናገር አፉን ከፈተ። እኔ ከረሜላ ከኪሴ አውጥቼ አጎረስኩት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የኔታ አላዩም፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው መረቁኝ። «እናንተ ባትኖሩ ማን ያነሣው ነበር? ከክፉ ይሰውርሽ። እጅሽ አይዛል። ወልደሽ ሳሚ።»

አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በፍርሃት ነው የኖርኳቸው። የዕረፍት ደወል ሲደወል ከሁሉ ቀድሜ እወጣለሁ። ከሸርተቴው ሥር ቆሜ አንገት እቆጥራለሁ፤ ይህ ናይለን፣ ይህ ጥጥ፣ ይህ ባዶ። እናቶችን ገለል አድርጌ «ማተቡን ከልብሱ ሥር አስገቡለት፣ እንዳይቆሽሽ» እላለሁ፤ ጠዋት ገብቶ ይመጣል፣ ረፋድ ላይ ወጥቶ ይንጠለጠላል። የብሎኑን ጫፍ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቀለልኩትና በሲባጎ አሰርኩት። ቤቴ ስገባ የራሴን ማተብ በሁለት እጄ እየጎተትኩ እሞክረዋለሁ። አልበጠስ ይላል። አላወልቀውም ደግሞ።

«ይህን ብሎን ያስቆርጡልን» ማለት ምን ነበረበት? አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ዳይሬክተራችን «ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። አንዴ የዋሸ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ይፈራል። ስለዚህ ጨርቅ ጠመጠምኩ።

ወሩ ሲያልቅ ዳይሬክተራችን መዝገቡን አነበቡ። ከየኔታ የልጅ ልጅ ሌላ ሁለት ልጆች በእውነትም ሸርተቴው ላይ አዳልጧቸው ጉልበታቸው ተልጦ ነበርና ሦስቱን መስመር በቀይ አሰመሩባቸው። «ሦስት ጊዜ አዳለጠ! ይህ እኮ መላ አለው» አሉ። ዘበኛው ከሸርተቴው ግርጌ አሸዋ አፈሰሰ፤ የብረት ደረጃው እንዳያዳልጥ ጎማ ተለበጠበት። ዳይሬክተራችን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እያዩ «አየሽ፣ መዝገብ ሥራ ሲሠራ?» አሉኝ። አየሁ። በኔ ውሸት የተነሣ ልጆች የሚወድቁበት ቦታ ለሰለሰ፤ የሚታነቁበት እንዳለ ቀረ።

ጥር ላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዳ መጡ። ዳይሬክተራችን በዕረፍት ሰዓት አስጠሩኝ፤ መዝገቡን ይዘሽ ነይ ብለው። እትዬን «ሸርተቴውን አደራ» አልኳት። «ሂጂ፣ ዓይኔ እዚያው ነው» አለችኝ። ቢሮ ገባሁ። እንግዳው ሰውዬ ገጽ በገጽ እያገላበጡ ጥርት ያለ አያያዝ ነው እያሉ ያመሰግኑኛል። መስኮቱ ክፍት ነው። የትንሿን ልጅ ድምፅ እሰማለሁ፤ «እኔ ነኝ ፊት! እኔ ነኝ ፊት!» ትላለች። እንግዳው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ደግመው ጠየቁኝ። ያኔ ድምፅዋ እንደሌለ ልብ አልኩ።

ሌሎቹ ይጮሃሉ። እሷ የለችም።

ለእንግዳው መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ። ጨርቄ አሸዋው ላይ ወድቋል፤ የሆነ ልጅ ፈትቶታል። እትዬ ሸርተቴው ላይ በጉልበቷ ወጥታለች። በአንድ ክንዷ ልጅቱን አንሥታ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ዳቦ የምንቆርጥበት ቢላዋ አለ። አንዴ ሳበችው፤ ሁለቴ ሳበችው፤ ማተቡ ተቆረጠ። ሕፃናቱ ተሰልፈው ያያሉ፤ አሁን ሁሉም ዝም ብለዋል። የልጅቱ ከንፈር ጠቁሯል።

እትዬ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርጋት ተነፈሰች። ትንፋሿ ያፏጫል። አቅፌያት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ደረቷ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነበር። ነርሷ ልጅቱን እየተቀበለች «ምን ሆና ነው?» አለችኝ።

ብታምኑም ባታምኑም «አዳልጧት» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ልጅቱ እጄ ላይ እያፏጨች እንኳ መጣ። ነርሷ አንገቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ። ለወደቀችና ለታነቀች የማደርገው አንድ አይደለም።»

«ታንቃ ነው» አልኩ። «ማተቧ አንቋት ነው።» ሁለት ወር ሙሉ የደበቅሁት ነገር ይኸው ነበር፤ ሲወጣ ግን ሰማይ አልተደፋም። ነርሷ «ስንት ደቂቃ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ትተርፋለች ተባልኩና እናቷን ልጠብቅ ወደ ግቢው ተመለስኩ። እናቷ ከገጠር የመጣች፣ ማክሰኝት ገበያ እየወረደች እህል የምትነግድ ሴት ናት፤ ያን ቀን ገበያ ነበረች፤ ስልክ የላት፣ የሚነግራት የለ። እኔ ስደርስ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወሬው ቀድሞኛል። «እስላሟ ሞግዚት የልጅቱን ማተብ በቢላዋ ቆረጠችው» ይላል ወሬው፤ ስለ ብሎኑ፣ ስለ አንገቷ የሚያወራ የለም። የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡት የኔታም መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እትዬ ክፍል ውስጥ፣ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሻሽዋን እየፈታች ታስራለች። ስትፈራ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ወንድሞቼን ጥሪልኝ» አለችኝ። «ብቻዬን በዚያ በር አልወጣም።»

ያን ጊዜ እናትየው ደረሰች፤ ጆንያዋን እንዳዘለች። «ምነው? ምነው ሰው በዛ? ልጄስ?»

«አለች» አልኩ። «ጤና ጣቢያ ናት፤ ተርፋለች።» ጆንያው ከጀርባዋ ወደቀ። ከሰዉ መካከል አንዲት ሴት «ማተቧን ማን እንደቆረጠው ጠይቂያት!» አለች።

መዝገቡን ከቢሮ አመጣሁና ደረጃው ላይ ቆምኩ። በመጀመሪያ የኅዳሩን መስመር አነበብኩ፤ «ከሸርተቴ ሲወርድ አዳልጦት ወደቀ።» ከዚያ «ይህ ውሸት ነው» አልኩ። «የየኔታ የልጅ ልጅ አላዳለጠውም። ናይለኑ ብሎኑ ላይ ተጠልፎ አንቆት ነበር። እኔ ፈርቼ ደበቅሁት። ዛሬ ይቺኛዋን አነቃት። እትዬ ባትቆርጠው ኖሮ አሁን ሬሳ ነበር የምንሸከመው። የኅዳሩንም ልጅ ከብሎኑ ያላቀቀችው እሷ ናት።»

እናትየው ወደ ክፍሉ ገባች፤ እትዬ ጉልበት ሥር ተደፍታ ጉልበቷን ሳመች፤ ከዚያ ጆንያዋን እንኳ ሳታነሣ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ተበተነ። የኔታ ቀሩ። መዝገቡን ከእጄ ወሰዱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የኅዳሩን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን አገጭ ቀና አድርገው አንገቱን አዩ።

«ያን ለት መረቅሁሽ እኮ» አሉኝ። መዝገቡን መለሱልኝና ልጁን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ዘበኛው ብሎኑን በመጋዝ ቆረጠው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀበትም። የኔታም በሰንበቱ ማግስት የጥጥ ፈትል ይዘው መጡ። እናቶቹ ፊት አንዱን ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ብጥስ አለ። «እኛ ስናስር የኖርነው ይህንን ነው። ሲበጠስ እንደገና ይታሰራል» አሉና የልጆቹን ሁሉ አንድ በአንድ ቀየሩላቸው። እኔም አንገቴን አቀረብኩ፤ አሰሩልኝ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ደኅንነቴን ይጠይቁኛል። ምርቃት ግን ደግመው አልሰጡኝም።

ልጅቱ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰች። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ሻከረ፤ እንደ ሽማግሌ ድምፅ ጎረነነ። ጠዋት መዝሙር ሌላ ልጅ አስጀመረ። እሷ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። እኔ መዝገቡን ሥራ እስከ ለቀቅሁበት ቀን ድረስ ያዝኩ፤ መንስኤ የሚለውን እየተንቀጠቀጥኩም ቢሆን እንዳየሁት ጻፍኩ። እጅ ጽሑፌ ተበላሸ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አዘዞ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከኋላዬ አንዲት ልጃገረድ «ወራጅ አለ» አለች። ድምፁን ሰማሁና አወቅሁት። ዞር አላልኩም። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍቷል፤ አልሰማትም። «ወራጅ አለ» አለች ደግማ፤ ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። መኪናው መውረጃዋን አልፎ ሄደ። በሦስተኛው አየር ብቻ ወጣ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪዞር።

መኪናው ቆመ። የተማሪ ልብስ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ ያደፈ የጥጥ ክር አለ። በአጠገቤ ስታልፍ ዝቅ ብላ አየችኝ። አላወቀችኝም።

«ዕድሜ ይስጥዎት፣ እትዬ» አለችኝ በዚያ ድምፅ።

አሜን ማለት ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ።